«ገባሽ?» ከማለት «እስቲ አሳዪኝ» ማለት

ኮሌራ የያዘውን ሰው የሚገድለው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። የወጣው በጊዜ ከተተካ አብዛኛው ሰው ይድናል። መድኃኒቱም ርካሽ ነው፤ ሕይወት አድን የምንለው የኦ.አር.ኤስ. ፓኬት፣ እሱ ከጠፋም ስኳር፣ ጨውና ውሃ። ካርቱም ውስጥ በሐበሾች መካከል በነርስነት ስሠራ ያስተዋልኩት ግን፣ መመሪያው በትክክል ካልደረሰ መድኃኒቱ ቤት ውስጥ እያለ ሰው ሊሞት እንደሚችል ነው።

የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ከተማዋ ብዙ አይታለች። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የድሮን ጥቃት የኤሌክትሪክ ጣቢያዎችን ሲመታ የውሃ ፓምፖች ቆሙ። ሰው በአህያ ጋሪ የመጣለትንም፣ ከዓባይ የቀዳውንም ጠጣ፤ ኮሌራውም በፍጥነት ተዛመተ። እንዲህ ባለ ጊዜ አንዲት እናት የምትሰማው መመሪያ ምንም ሊጎድለው አይገባም።

«ሙሉውን ፓኬት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ» ይላል የፓኬቱ ጽሑፍ። ዴም ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ሻይ እየሸጠች የምትኖር እናት ግን የሊትር መለኪያ የላትም። ያላት ዚር የሚባለው የሸክላ የውሃ ጋን፣ ጀሪካንና የሻይ ብርጭቆ ነው። ስለዚህ «ሊትር» ማለቱን ትቼ ከየቤቱ የማይጠፋውን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አነሣለሁ። «ይህን 2 ጊዜ ሞልተሽ ገልብጪ፤ ፓኬቱን ለነገ ሳታስቀሪ ሙሉውን ጨምሪ» እላታለሁ። ውሃው ካነሰ ጨዉ በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ውሃው ከበዛ ደግሞ የሚፈለገውን ያህል አይጠቅምም።

ቤት ውስጥ ሲዘጋጅ ልኩ ለ1 ሊትር ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ማንኪያው ልሙጥ መሆን አለበት። ለሻይ ስኳር ቁልል አድርጋ መጨመር የለመደች ሴት ጨዉንም ቁልል ልታደርገው ትችላለች፤ ስለዚህ ትርፉን በቢላ ጀርባ ጠርጌ አሳያታለሁ። ምክንያቱንም እነግራታለሁ። ስኳሩ ለጣዕም ብቻ የገባ የሚመስላቸው አሉ፤ አንጀት ጨውን በደንብ የሚቀበለው ከስኳር ጋር ሲመጣ ነው፣ ውሃውም ጨዉን ተከትሎ ይገባል። ይህን የተረዳች እናት ስኳር ተወደደ ብላ ልኩን አትቀንስም።

ቀጠሮም እንዲሁ ነው። እኛ 8 ሰዓት የምንለውን የካርቱም ሰው 2 ሰዓት ይለዋል። ስለዚህ «ከቀትሩ አዛን በኋላ ነይ» እላለሁ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይሰማዋል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምትጾም ሴትም «ክኒኑን ከቁርስ በኋላ ዋጪ» ማለት አይሆንም፤ መቼ እንደምትበላ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከበደው ይሉኝታችን ነው። «ገባሽ?» ስላት «አዎ፣ ሲስተር» ትለኛለች። መልሷ አክብሮቷን እንጂ መረዳቷን አይነግረኝም። ስለዚህ በዕድሜ የገፉ እናት ሲሆኑ «እማማ፣ በደንብ ማስረዳቴን ልይ፤ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚበጠብጡት እስቲ ያሳዩኝ» እላለሁ። የምፈተነው እኔ ስሆን እሳቸው አያፍሩም። የተሳሳተው ማንኪያም እዚያው ፊቴ ይታረማል።

ሕክምናውን እንዲህ በቤተሰብ እጅ ማድረግ በትልቁ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ስደተኞች ሕንድ ድንበር ላይ በኮሌራ ሲያልቁ፣ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አልበቃ ቢላቸው ጨውና ስኳር አስበጥብጠው በድራም አስቀመጡ፤ ቤተሰቦችም ሕሙማኑን አጠጡ። ከ100 ሕሙማን ወደ 30 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ከ4 በታች ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ደግሞ ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት አስተማሪ ሴቶችን በየቤቱ እየላከ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ አዳረሰ። መለኪያው የእናቲቱ እጅ ነበር፤ በ3 ጣት የተቆነጠረ ጨው፣ አንድ ጭብጥ የአገዳ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ። እናቶች እንዲይዟቸው የተዘጋጁት ነጥቦች መጀመሪያ 10 ነበሩ፤ ኋላ ወደ 7 ዝቅ ተደረጉ። እኔን የማረከኝ ክፍያው ነው። ሌላ ሰው ቆየት ብሎ ሄዶ እናቶቹን ይጠይቃል፤ የአስተማሪዋ ደመወዝ የሚታሰበው እነሱ በያዙት ልክ ነው። ኃላፊነቱ በአስተማሪዋ ላይ ወደቀ፤ መውደቅም ያለበት እዚያ ነው።

ስለዚህ ለሠራተኛችሁም ሆነ ለልጃችሁ መመሪያ ስትሰጡ በእሱ ቤት፣ በእሱ ዕቃ፣ በእሱ ሰዓት አስቡት፤ ምክንያቱን ንገሩት፤ ሠርቶ እንዲያሳያችሁም ጠይቁት። በዚሁ በውሃው ጀምሩ። ዛሬ ማታ ልኩን ለቤታችሁ ሰው ተናገሩና አንዱ በእጁ ይበጥብጥ። የታመመው ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከደነዘዘ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና እንደሚወሰድም አስረዱት። አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው በሽታው ሌሊት ቢመጣ አይደናገርም።