አልማዝ ባለጭራ በቤታችሁ ሲገባ

ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ፋርማሲዎች በአንዱ ተራ ስትጠብቁ፣ ሸሚዙን ከጎኑ ገለጥ አድርጎ «ለዚህ የሚሆን ቅባት ስጡኝ» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ይሆናል። ሽፍታው ከጀርባ ተነሥቶ በጎድን አጥንት ላይ ወደ ደረት የሚጠመዘዝ ከሆነ፣ ሰውየውም ልብስ ሲነካው ፊቱን የሚያጨማድድ ከሆነ፣ ያየነው አልማዝ ባለጭራን ሳይሆን አይቀርም። ውኃ የቋጠሩት ፍንጣቂዎች እያብረቀረቁ እንደ ጭራ ተከታትለው ሲወርዱ ላየ ሰው ስሙ እንግዳ አይሆንበትም። ሐኪሞች ኸርፐስ ዞስተር ይሉታል።

በሽታው ሲጀምር ሽፍታ አይታይም። ከአንድ እስከ አምስት ቀን ድረስ በአንድ በኩል ብቻ ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ይነዝራል። በዚህ ጊዜ ታማሚው ኩላሊቴ ነው፣ ጨጓራዬ ነው ይላል፤ በግራ ደረት በኩል ከሆነ ደግሞ ልቤ ነው ብሎ ይደነግጣል። ከዚያ በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ የቋጠሩ ፍንጣቂዎች በመደዳ ይወጣሉ። ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይደርቁና ቅርፊት ይሠራሉ፤ ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ዋናው መለያው አንድ ጎን ላይ መወሰኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአካላችን መካከለኛ መስመር አልፎ ወደ ሌላው ጎን አይሻገርም። «ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙ ሰውዬው ይሞታል» የሚለው ወሬ በብዙ አገር ይነገራል፤ መሠረት ግን የለውም።

መንስኤውስ? ሸረሪት ሸንቶበት ነው የሚሉ አሉ፤ ምች ነው የሚሉም አሉ። እውነተኛው መንስኤ በልጅነታችን ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ነው። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነታችን አይወጣም፤ በአከርካሪ አጥንት አጠገብ ባሉት የነርቭ ሥሮች ውስጥ ተደብቆ ለአሥርት ዓመታት ይተኛል። የመከላከያ ኃይላችን ሲዳከም ይነቃና አንዱን ነርቭ ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ሽፍታው እንደ ቀበቶ የሚዘረጋው ነርቩ የሚያልፍበትን መንገድ ስለሚከተል ነው። ይህን ነገር አጥርተው ካስረዱት አንዱ ኤድጋር ሆፕ ሲምፕሰን የሚባሉ የእንግሊዝ አገር የአነስተኛ ከተማ ሐኪም ነበሩ። የራሳቸውን ታካሚዎች ለ16 ዓመት በትዕግሥት መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1965 ጽሑፋቸውን አወጡ። ትልቅ ቤተ ሙከራ አልነበራቸውም፤ መዝገብና ትዕግሥት ነበራቸው። እኔ እንዲህ ያሉ ሰዎችን በጣም አደንቃለሁ።

ቫይረሱን የሚቀሰቅሱት ዕድሜ (በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ)፣ እንደ ካንሰር ያሉ ሕመሞችና ሕክምናቸው፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ የስቴሮይድ መድኃኒቶች፣ እንዲሁም ኤች አይ ቪ ናቸው። ይሁንና ምንም የተለየ ምክንያት ሳይገኝበት ጤነኛ ሰውም ይታመማል።

አሁን ወደ ትዳር ጉዳይ ልምጣ። አንድ ባልና ሚስት አንድ ምሽት ወደ ቤታችን መጡ። ባል ገና አርባ ዓመቱን መጨረሱ ነው፤ ሽፍታው ከወጣበት ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ጎረቤት አይታ «ይሄ እኮ የዚያ በሽታ ምልክት ነው» ብላ ለሚስቱ ሹክ ብላታለች። ሚስቲቱም የክሊኒኩን ወረቀት አንሥታ አነበበች። «እህቴ፣ ወረቀቱ ላይ ኸርፐስ ይላል፤ በስልኬ ፈልጌ አየሁት፤ የአባላዘር በሽታ ነው» አለችን። ያን ሌሊት ልጆቹ ክፍል ነበር ያደረችው። ባለቤቴ መድኃኒቱ ተገዝቶ እንደ ሆነ ሲጠይቀው ወንድማችን ማዘዣውን ከኪሱ አወጣ። በጠቡ መካከል ወደ ፋርማሲ የሄደ ሰው አልነበረም።

በዚህ ቤት ሁለት ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛ፣ ኸርፐስ የአንድ የቫይረስ ቤተሰብ ስም ነው። የአባለዘር ቁስል የሚያስከትለው ሌላ ቫይረስ ነው፤ አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ደግሞ የጉድፉ ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚመጣ በሽታ አይደለም፤ የማንንም ታማኝነት አይመሰክርም፣ አይከስስም። ሁለተኛ፣ የኤች አይ ቪ ነገር እውነትነት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት አልማዝ ባለጭራን ከኤች አይ ቪ ሁለተኛ ደረጃ ምልክቶች ጋር መድቦታል፤ ስለዚህ በተለይ ወጣት ሰው ሲይዘው ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፍርሃቱ የከፋው ከምርመራው ማግስት የሚሰጥ መድኃኒት ስላልነበረ ነው። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ እየተሰጠ ነው፤ ጀምሮ በሥርዓት የሚወስድ ሰው ዕድሜው ይረዝማል፣ ቫይረሱም በደሙ ውስጥ የማይታይ እስኪሆን ሲቀንስ ለትዳር ጓደኛው በግንኙነት አያስተላልፍም።

ወንድማችን በዚያው ምሽት መድኃኒቱን ጀመረ፤ በማግስቱ ሁለቱ አብረው ተመረመሩ። ውጤቱ የእነርሱ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ውጤቱ ምንም ቢሆን የሽፍታው መድኃኒት ያው ነበር፤ ሚስቲቱም ወደ መኝታ ቤታቸው የተመለሰችው ውጤቱ ሳይታወቅ፣ በዚያው ምሽት ነው።

ጊዜ የሚለው ነገር በዚህ በሽታ ትልቅ ነው። እንደ አሲክሎቪር ያሉ ፀረ ቫይረስ እንክብሎች የተሻለ የሚሠሩት ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመሩ ነው። ለአዋቂ የተለመደው መጠን 800 ሚሊ ግራም፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ነው። የኩላሊት ሕመም ላለበት መጠኑ ስለሚቀነስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይጀመር፤ ውኃም በደንብ ይጠጣ። በቱቦ የሚሸጠው የአሲክሎቪር ቅባት የእንክብሉን ሥራ አይሠራም። ባክቴሪያ ካልገባበት በቀር አንቲባዮቲክም አይጠቅምም። ቅጠል ጨቅጭቆ መለጠፍና መተኮስ ቁስሉን ያሰፋል፣ ያመረቅዛል። ቦታውን በንጹሕ ውኃና ሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሳያጠብቁ መሸፈን ይበቃል።

ሽፍታው በግንባር፣ በዐይን ዙሪያ ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ነገ አትበሉ፤ ዐይን ሊያጠፋ ስለሚችል በዕለቱ ለዐይን ሐኪም መታየት አለበት። በጆሮ ላይ ወጥቶ ፊትን ካጣመመም እንዲሁ። በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት፣ በወሎ ደግሞ ከደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቁ ናቸው።

ቆዳው ድኖ ሕመሙ ከሦስት ወር በላይ የሚቀርባቸው አሉ፤ በተለይ አረጋውያን። ሽፍታው ጠፍቶ «አሁንም ያቃጥለኛል» ሲሉ አስመሳይ የሚላቸው ቤተሰብ ብዙ ነው። የሚያማቸው የተጎዳው ነርቭ ነው። ለዚህ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን ሊያዝ ይችላል። የመጀመሪያው ለድባቴም የሚሰጥ ስለሆነ ፋርማሲ ላይ ይህን ሰምተው «አበድኩ እንዴ?» ብለው የተቆጡ እናት አውቃለሁ።

ሕመሙን እንደ እርግማን ወይም እንደ ስውር ኃጢአት ቅጣት የሚቆጥሩም በመካከላችን አሉ። የኢዮብ ወዳጆች በቁስሉ ፊት ተቀምጠው ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ እግዚአብሔርም በነገራቸው አልተደሰተም። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጸለየ፣ እግዚአብሔርም ሰማው፤ በዚያው ታሪክ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2ኛ ነገሥት 20)። ስለዚህ ታማሚ ቤት ለጸሎት የምትሄዱ ሁሉ መድኃኒቱ መጀመሩን አብራችሁ ጠይቁ።

ይተላለፋል ወይ? አልማዝ ባለጭራ ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ነገር ግን ጉድፍ ያልያዘው ሰው የፍንጣቂውን ውኃ ቢነካ ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ቅርፊት እስኪሠራ ድረስ ታማሚው ከአራስ ሕፃንና ጉድፍ ካልያዛት ነፍሰ ጡር ይራቅ፣ ፎጣም ለብቻው ይያዝ። የምታጠባ እናት ሽፍታው ጡቷ ላይ ካልሆነ ማጥባቷን አታቁም፤ ቦታውን ትሸፍን፣ እጇን ትታጠብ። ባልና ሚስት ሽፍታው ከተሸፈነ አንድ አልጋ ላይ ቢተኙ ነውር የለውም።

ክትባትም አለ። ሺንግሪክስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ተፈቅዷል። በአገራችን መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ የለም። ነገር ግን ከቦሌ ተነሥተው ልጆቻቸው ዘንድ ብዙ ወራት የሚከርሙ እናቶችና አባቶች ስላሉን፣ በዚያ ያላችሁ ልጆች ስለ ክትባቱ ሐኪም ጠይቁላቸው። የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ነው፤ በመካከሉ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ስለሚያስፈልግ የመጀመሪያውን እንደ ደረሱ ቢወስዱ፣ ሁለተኛውን ሳይወስዱ አይመለሱም።