የመኪና ጎማ ለባለ ሦስት እግር ሞተር፤ ነፋሱ ምን ያህል ይሁን?

በጅቡቲ ከተማ ጥግ፣ በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር ያሉት የአትክልት ቦታዎች ጥቂት ስለ ሆኑ የከተማው ገበያ አብዛኛውን አትክልት የሚያገኘው ከኢትዮጵያ ነው። ቲማቲሙ ከየትም ይምጣ ከየት፣ በጠባብ መንገድ ወደ ሱቅ ለማድረስ ባለ ሦስት እግር ሞተር የተመቸ ነው። ባለንብረቱም የኋላው ጎማ ሲያልቅበት ብዙ ጊዜ የመኪና ጎማ ማሰር ያምረዋል። ባለ ሁለት እግር ሞተር ሲታጠፍ ስለሚያዘነብል ጎማው ክብ ሆኖ ተሠርቷል፤ ባለ ሦስት እግሩ ግን አያዘነብልምና ጠፍጣፋው የመኪና ጎማ ለኋላው ይስማማዋል። ነገር ግን ቸርኬው ለመኪና ጎማ የተሠራ መሆን አለበት። የሞተር ሳይክል ቸርኬ በቁጥር ተመሳሳይ ቢመስልም የጠርዙ ቅርጽ ሌላ ነው፤ ጎማው አልገባ ሲል በነፋስ ብዛት ማስገደድ የጎሚስታውን እጅ የሚቀጥፍ ሥራ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት በጎማው ጎን የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አንብቦ ያንኑ መሙላት ነው። ይህ ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ወሰን እንጂ ዘወትር የሚሞላበት ልክ አይደለም። ልኩን የሚወስነው በእያንዳንዱ እግር ላይ የሚያርፈው ክብደት ነው። ለምሳሌ 75 የሚል የጭነት ምልክት ያለበት የመኪና ጎማ በ2.5 ባር 387 ኪሎ ይሸከማል። ሞተሩ ተጭኖ ሳለ በአንዱ የኋላ እግር ላይ የሚያርፈው 300 ኪሎ ቢሆን፣ በሂሳቡ መሠረት ከ1.8 እስከ 1.9 ባር፣ ይኸውም 27 ፒኤስአይ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩን ከነጭነቱ በመኪና ሚዛን ላይ እግር በእግር መመዘን ነው። ባዶ ሲሆን ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል፤ እኔ ግን ከ1.5 ባር በታች ባይወርድ እመርጣለሁ፣ ጎማው በመታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላልና።

ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬቱን የሚነካው በመካከሉ ብቻ ነው፤ መካከሉ ይበላል፣ ፍሬኑ ይንሸራተታል፣ ቲማቲሙም በየጉድጓዱ ይፈርጣል። ያነሰው ደግሞ ሁለቱን ጠርዝ ያስበላል። ከዚህም የከፋው፣ ጎኑ እየታጠፈ ውስጡ ይግላል፣ ከባድ ጭነት በተሸከመ ጊዜም ይፈነዳል። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን በሚያልፍበት በጅቡቲ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አስፋልቱም ከአየሩ ይብስ ይግላልና።

ሙቀት በየ10 ዲግሪው ግፊቱን በ0.1 ባር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ መለካት ያለበት ሌሊቱን ከቆመ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትመታው ነው። አንዱ ጎማ በጥላ፣ ሌላው በፀሐይ ቆሞ የተለካ እንደ ሆነ ልዩነቱ ያታልላል። ቀትር ላይ ቁጥሩ ከፍ አለ ብሎ ነፋስ ማስተንፈስ የተለመደ ክፉ ልማድ ነው፤ ሲበርድ ጎማው ጎድሎ ይገኛል። ተጭኖ ግማሽ ሰዓት ከተሄደ በኋላ ጭማሪው ከ0.3 ባር እጅግ ያለፈ እንደ ሆነ፣ ጠዋት የተሞላው ማነሱን ወይም ጭነቱ መብዛቱን ያመለክታልና በማግሥቱ በብርዱ ጥቂት መጨመር፣ ወይም ጭነቱን መቀነስ ነው።

ከአዲስ አበባ ተሞልቶ ስለሚወርድ ጎማም ብዙ ሰው ይጠይቃል። በ2300 ሜትር ከፍታ፣ በ20 ዲግሪ 2.2 ባር የተሞላ ጎማ ወደ ባሕር ዳርቻ ሲወርድ የአየሩ ክብደት ስለሚጨምር በመለኪያው ላይ 0.24 ባር ያህል ይቀንሳል፤ የ40 ዲግሪው ሙቀት ደግሞ 0.2 ባር ያህል ይመልስለታል። ስለዚህ ጅቡቲ ደርሶ ቆሞ ሲለካ ቁጥሩ እምብዛም ሳይለወጥ ይገኛል። ወደ ደጋ ሲመለስም ሁለቱ ነገሮች በተቃራኒው ይሠራሉ።

ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ዐይነትና አንድ ግፊት ይሁኑ፤ አለዚያ ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ይስባል። የፊተኛው ግን የራሱ የሞተር ጎማ ስለ ሆነ፣ ልኩ ከሞተሩ መመሪያ ላይ ይነበባል።