ከአጨዳ እስከ በልግ፦ የአርሲ አጋዘን ምን ይበላል?

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስለ ደጋ አጋዘን የሚወራው ሁሉ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ ላይ ይጀምርና ዲንሾ ላይ ያበቃል። አሰላ ሆኖ የጭላሎን ተራራ ለሚያይ ሰው ይህ ትንሽ ቅር ያሰኛል። እንስሳው ለሳይንስ የተዋወቀው በአርሲ በኩል ነውና። አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 ከዝዋይ ሐይቅ በስተደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ገድሎ የወሰደውን፣ ሪቻርድ ሊዴከር በ1910 ስም አወጣለት። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። መልኩ በዐሥር ሳንቲማችን ላይ አለ፤ ኒያላ የሚለውን ስሙንም የመድን ድርጅትና መኪና አስመጪ ተካፍለውታል። የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ጭላሎ-ገለማን፣ ካካንና ሁንቆሎን ከዴራ-ድልፈቃር ጋር አቅፏል። ታሪኩ ይብቃን። ዛሬ የሚያሳስበው እህል ከተሰበሰበ በኋላ ዝናብ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው።

በአርሲ ደጋ ስንዴ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ይዘራል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ኮምባይነሩ እንደወጣ ጭዱ ይከመራል ወይም ይሸጣል፤ የመንደሩም ከብት ቃርሚያው ላይ ይለቀቃል። ከፍ ባሉት ቀበሌዎች የበልግ ገብስ ስለሚዘራ የመሬቱ ዕረፍት አጭር ነው። ከእርሻው በላይ ኮሶና ጥድ የተረፈበት ጥጋጥግ፣ ከዚያ አሜጃና አስታ፣ ከሁሉ በላይ ጓሳና ጅብራ አለ። አጋዘኑ በክረምት ለምለሙን ሣር ይግጣል፤ ሣሩ ሲደርቅ ወደ ቅጠላ ቅጠሉ ያዘነብላል። ቀን አስታው ውስጥ ተሸሽጎ ይውልና ሲመሽ ወደ ማሳው ጠርዝ ይወርዳል። ጥርና የካቲት ላይ ታች ያለው ቃርሚያ ሲያልቅ ከብቱ ሽቅብ ይነዳል፤ ከእርሻው በላይ ያለችው ጠባብ ቀበቶም የሁለቱም መኖ ትሆናለች።

ታዲያ ለአውሬው ለምን አይዘራለትም? በሰሜን አሜሪካ ይህ የተለመደ ነው። ባለመሬቱ ክሎቨር፣ ሲናርና የመኖ ጎመን የሚዘራበት ቁራሽ ማሳ ይለያል፤ በሁለት ወቅቶች መካከል አፈሩን ያስመረምራል፣ ኖራ ይነሰንሳል፣ አረሙን ያጭዳል፣ መሬቱ ባዶውን እንዳይከርም መሸፈኛ ሰብል ይዘራበታል። አብዛኛው ልፋት ግን በአደን ወቅት ዓላሚው ፊት የሚቆም አጋዘን ለማግኘት ነው። እኛም ጋ ሙኔሳ-ኩኬን በመሰሉ የቁጥጥር አደን ቀበሌዎች የውጭ አገር አዳኝ ከፍሎ ያድናል፤ ስንት ወንድ ይገደል የሚለው ክርክርም ስንት አለ ከሚለው ቆጠራ ጋር ተያይዞ ዛሬም አልበረደም። እኔ ከአደኑ ይልቅ የምፈራው ዘሩን ነው።

ምክንያቱ ዋግ ነው። የስንዴ ዋግ የሚኖረው በሕይወት ባለ ለምለም ተክል ላይ ብቻ ነው። ማሳው በበጋ ሲራቆት መጠለያ ያጣል፤ ረግፎ የበቀለ ስንዴ በየጥጉ ካገኘ ግን እሱን ተሻግሮ ክረምት ላይ አዲሱን ቡቃያ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ምን እንዳደረገው የአርሲና የባሌ ገበሬ አይረሳውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ግንድ ዋግ በአርሲ ዞን ባለ ወረዳ ስም የተሰየመውን ዲገሉን ፈጀው። ቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ያሉት ተመራማሪዎች አንዱ ዝርያ ሲወድቅ ሌላውን ለመተካት የሚሮጡበት አገር ነው። እዚህ ላይ ለአጋዘን ተብሎ በበጋ የሚለመልም የስንዴ ወይም የገብስ ቁራሽ ማቆየት ለጎረቤት ማሳ ጠላት መቀለብ ነው። በላዩ ላይ፣ እህል ተዘርቶለት የለመደ አውሬ የቱ ማሳ ለእሱ፣ የቱ ለባለቤቱ እንደተዘራ አይለይም።

የግድ ይዘራ ከተባለ ከስንዴው ዋግ የሚተርፈው ሲናርና ቬች ነው። ይህ ለአሰላ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የወተት ላም ሲያስፋፋ መኖም አብሮ ያለማምድ ነበር። ያኔ የተዘራው ግን ለላም ነው፣ ላሟም ባለቤት አላት።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያለው ከካዱም ከአሜሪካም ሳይሆን ከመንዝ ነው። የጓሳ አካባቢ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደሆነ በሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት መሬቱን ያለ ዘር፣ በመዝጋት ብቻ አስተዳድረውታል። ጓሳው ለቤት ክዳን እስኪደርስ አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይከለከላል፤ በጋው ሲጠናና ከብቱ ሲቸገር ይከፈታል፤ ሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ዳግም ይዘጋል። ሰባሪውን የሚቀጡት በሕዝብ የተመረጡ አለቆች ነበሩ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ልብ በሉ፣ ያን ሁሉ ዘመን ሰዎቹ የዘጉት ለጭላዳ ወይም ለቀይ ቀበሮ አስበው አልነበረም። ለጣሪያቸውና ለበሬያቸው ብለው ነው፤ አውሬው በዚያው ተረፈ። የቦረናም ሰው ለጥጃ የሚከልለው ካሎ ከዚሁ ብልሃት የራቀ አይደለም።

ስለ እሳትም ማንሳት ይገባል። እረኛው በበጋ አስታውን የሚያቃጥለው ለጋው ቀንበጥ እንዲያቆጠቁጥለት ነው። ለጋውን አጋዘንም ይወደዋል፤ መሸሸጊያው ግን አብሮ ይነድዳል። በባሌ የተደረጉ ጥናቶች ለጋ አስታ በቀላሉ እንደማይነድ አሳይተዋል። በየቦታው በፈረቃ የተቃጠለ ተራራ ለትልቅ ሰደድ መንገድ አይሰጥም ማለት ነው። ፈጽሞ አታቃጥሉ የሚለው ክልከላ ግን ማገዶ ያጠራቅማል፤ እረኛውንም በሌሊት እንዲለኩስ ይገፋዋል። ይህን ክልከላ እንደገና ማየት ከየትኛውም ዘር ይልቅ ይጠቅማል።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና የየቀበሌው የአገር ሽማግሌዎች ከእርሻው በላይ ያለችውን ቀበቶ ከታኅሣሥ እስከ በልግ መግቢያ ከልቅ ግጦሽ ቢዘጉ፣ ሣሩንም የሚጠብቁት አባወራዎች በተራ አጭደው እንዲወስዱ ቢፈቅዱ፣ አጋዘኑ ቅጠሉን ያገኛል፤ ገበሬውም በየካቲት ጭድ የሚገዛበት ገንዘብ ይተርፈዋል። ትራክተርም ዘርም አይጠይቅም። ስብሰባው ከአጨዳ በፊት፣ በጥቅምት መጠራት አለበት፤ ከብቱ አንዴ ከወጣ በኋላ የሚሰማ የለም።