ቶም ከወዴት መጣ?

አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር እጁ የገባ አዋቂ፣ የመሣሪያውን ትውልድ ሲያጣራ በራሱ ላይ የተለጠፈውን ስም ቶሎ አያምንም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች ያንኑ አንድ ጊታር ለየነጋዴው በተለያየ ስም እየሠሩ ወደ አሜሪካ ይልኩ ነበርና፣ ብሎኑን ፈትቶ እንጨቱንና የውስጥ ሽቦውን ይመረምራል። የጋምቤላውን ቶም ለሚጠይቅም የሚያዋጣው ይኸው መንገድ ነው፤ ስምና አካል ሁልጊዜ ከአንድ ቤት አይወጡምና። ቶም በአኙዋ፣ በኑዌርና በማጃንግ ዘንድ የሚገኝ፣ በሁለት እጅ ተይዞ በአውራ ጣት የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ክራር፣ በገና፣ ማሲንቆና ዋሽንት ለለመደ የደጋ ሰው እንግዳ ነው፤ ክር የለው፣ አይነፋ፣ እንደ ከበሮ አይደለቅ።

ቀረብ ብሎ ላየው አሠራሩ ቀላል ነው። በእንጨት ገላው ላይ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሥራቸው በአግዳሚ ዘንግ ተጠፍሮ ስለተያዘ ጫፋቸው ነፃ ሆኖ ቀና ይላል። አውራ ጣት ጫፉን ተጭኖ ሲለቀው ምላሱ ይርገበገባል፤ ውስጡ ክፍት የሆነው እንጨት ድምፁን ያጎላዋል። አጭሩ ምላስ ቀጭን፣ ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፤ ቅኝቱን ለመለወጥ ምላሱን ጥቂት ወደ ፊት መሳብ ወይም ወደ ኋላ መግፋት ይበቃል።

አካሉን ተከትለን ብንሄድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወስደናል። ባለ ሳጥኑ የብረት ምላስ መሣሪያ በኮንጎ ሊኬምቤ፣ በሰሜን ዩጋንዳ አቾሊዎች ዘንድ ሉኬሜ ይባላል። የሙዚቃ ተመራማሪው ገርሃርድ ኩቢክ እንዳስረዳው፣ ሊኬምቤ ከኮንጎ ወንዝ ታችኛው ክፍል ተነሥቶ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በተሸካሚዎችና በቅኝ ገዥዎች ሠራተኞች እጅ ሽቅብ ተጉዞ ዩጋንዳ ደርሷል። አቾሊና አኙዋ ደግሞ ቋንቋቸው የአንድ የሉኦ ቤተሰብ ነው። ስሙ ግን ሌላ ታሪክ ይናገራል። በነጭ ዓባይ ዳር የሚኖሩት ሽሉኮች ቶም የሚሉት ክራር መሰሉን ባለ ክር መሣሪያ ነው፤ የኬንያ ሉኦዎችም ቱም ሲሉ ሙዚቃ ማለታቸው ነው። ስለዚህ የሚያሳምነው መልስ፣ እንግዳው አካል ሲመጣ የነባሩን መሣሪያ ስም ወረሰ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው፣ ለምን በባሮ ወንዝ መርከቦች አልመጣም የሚል ነው። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1902 ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ አግኝተዋል፤ ጋምቤላም ከካርቱም ጋር በእንፋሎት መርከብ የተሳሰረች ወደብ ነበረች። ነገር ግን የሱዳን ሰሜን የሚታወቀው በባለ ክሩ ታምቡር እንጂ በብረት ምላስ አይደለም። ወንዙ ምስማርና ሽቦ አምጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ የመጣበት መንገድ ግን የጥበቡ መንገድ ነው አያሰኝም። ሁለተኛው፣ የብረት ምላስ በአፍሪካ ጥንታዊ ነውና ቶምም እዚሁ ሊወለድ ይችላል የሚለው ነው። ጥንታዊነቱ እውነት ነው፤ ፖርቱጋላዊው መነኩሴ ዦአው ዶስ ሳንቶስ ይህን መሰል መሣሪያ በ1586 በዛምቤዚ ወንዝ ደቡብ አይቶ ጽፏል። ሆኖም በአንድ ስፍራ ጥንታዊ መሆን በሌላው ስፍራ ለመወለዱ ማስረጃ አይሆንም፤ የስሙና የአካሉ መለያየትም ሳይፈታ ይቀራል።

ከውጭ መምጣቱ ቶምን ከአኙዋነት አያወጣውም። ክራርም ዘመዶቹ በዓባይ ሸለቆ ሁሉ አሉ፤ ማንም ግን ኢትዮጵያዊ አይደለም አይለውም። መሣሪያን የራስ የሚያደርገው የሚዘፈንበት ቋንቋና የሚቃኝበት ጆሮ ነው። ቶምን ለሙዚየም ወይም ለመዝገብ የምታነሡ ሁሉ ስሙን ጽፋችሁ አትለፉት፤ እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ ምላሱ ከምን ብረት እንደተሠራ፣ ስንት እንደሆነና እንዴት እንደተቃኘ፣ የሠሪውንም መንደር አብራችሁ መዝግቡ።