ትዕግሥትና የአክሲዮን ገበያ

ምንባብ

አንድ ገበሬ ሦስት ጥማድ መሬት ቢኖረው ሁሉንም በጤፍ ብቻ አይሸፍነውም። ከፊሉን ጤፍ፣ ከፊሉን ባቄላ፣ ከፊሉንም ስንዴ ይዘራበታል። ይህን የሚያደርገው ዝናሙ መቼ እንደሚዘገይ፣ ተባዩም በየትኛው እህል ላይ እንደሚነሣ አስቀድሞ ለማወቅ ስለማይችል ነው። አንዱ ቢከዳው ሌላው ያበላዋል።

ገንዘቡን በአክሲዮን ላይ የሚያውል ሰውም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። አክሲዮን ማለት የአንድ ኩባንያ ካፒታል ከተከፈለባቸው እኩል ድርሻዎች አንዱ ነው። አክሲዮን የገዛ ሰው በድርሻው መጠን የኩባንያው ባለቤት ስለሚሆን፣ ኩባንያው ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ ሊከፈለው ይችላል፤ ኩባንያው ሲከስር ግን ያወጣውን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። አክሲዮኖች የሚሸጡበትና የሚገዙበት ስፍራ የአክሲዮን ገበያ ይባላል። ከቀደምቶቹ ገበያዎች አንዱ በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ የነበረው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1602 የተቋቋመው የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አክሲዮኖች ይሸጡበት ነበር።

ወደዚህ ገበያ የሚገቡ ሰዎች ሁለት ዐይነት መንገድ ይከተላሉ። አንዳንዶቹ ገበያውን በብልጠት ለመቅደም ይሞክራሉ። ዋጋው ሊወጣ ሲል ለመግዛት፣ ሊወርድ ሲልም ለመሸጥ ይጣደፋሉ። ሌሎቹ ግን የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በጥቂት በጥቂቱ ገዝተው ለብዙ ዓመታት ሳይነኩ ያቆያሉ።

የመጀመሪያው መንገድ ዕውቀት ላለው ሰው ቀላል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ታላቁ ሊቅ አይዛክ ኒውተን እንኳ አልተሳካለትም። በእንግሊዝ አገር የደቡብ ባሕር ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ እ.ኤ.አ. በ1720 መጀመሪያ 130 ፓውንድ ያህል ነበር፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ግን ወደ 1,000 ፓውንድ ተጠጋ። ኒውተን ቀደም ብሎ የገዛውን አክሲዮን ዋጋው መውጣት ሲጀምር ሸጦ ደኅና ትርፍ አግኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋጋው ይበልጥ ማሻቀቡን፣ ሌሎችም መክበራቸውን ባየ ጊዜ በውድ ዋጋ እንደገና ገዛ። ዓመቱ ሳያልቅ የአክሲዮኑ ዋጋ ከ200 ፓውንድ በታች ወደቀ፤ ኒውተንም ብዙ ሀብት አጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ገበያውን መቅደም አስቸጋሪ የሚሆነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ስለ አንድ ኩባንያ የተሰማ ወሬ በብዙ ሺህ ገበያተኞች ዘንድ ስለሚታወቅ ወዲያውኑ በአክሲዮኑ ዋጋ ላይ ይንጸባረቃል። ስለዚህ መልካሙን ወሬ ሰምቶ ለመግዛት የሚሮጥ ሰው ዋጋው አስቀድሞ ወጥቶ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ፣ ገበያተኞች ሁሉ በአንድነት የሚያገኙት ትርፍ ገበያው ራሱ ካስገኘው ትርፍ ሊበልጥ አይችልም። አንዱ ከአማካዩ በላይ ቢያገኝ ሌላው የግድ ከአማካዩ በታች ያገኛል። ከዚህም ላይ የደላላና የባለሙያ ክፍያ ይቀነሳል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዊልያም ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ ወጪ ሲቀነስ በብልጠት የሚገበያዩት ሰዎች በአማካይ ከገበያው በታች ይሆናሉ።

ይህን ሐሳብ በሥራ ላይ ካዋሉት ሰዎች አንዱ ቫንጋርድ የተባለውን ድርጅት የመሠረተው አሜሪካዊው ጆን ቦግል ነበር። ቦግል እ.ኤ.አ. በ1976 ተራው ሕዝብ በአነስተኛ ክፍያ የ500 ታላላቅ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት የሚገዛበት የጋራ ገንዘብ አቋቋመ። የሚፈለገው ገንዘብ 150 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን የተሰበሰበው ግን ከ11 ሚሊዮን ዶላር ብዙም አይበልጥም ነበር። በሙያው የታወቁ ሰዎችም የቦግል ሞኝነት እያሉ ቀለዱበት። ይሁን እንጂ ቦግል እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ የእርሱን መንገድ የተከተሉ ሰዎች በብዙ ሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በግልጽ የታየው በአንድ ውርርድ ነው። ባለሀብቱ ዋረን ባፌት እ.ኤ.አ. ከ2008 መጀመሪያ አንሥቶ በሚቆጠሩ 10 ዓመታት ውስጥ፣ የ500ዎቹን ኩባንያዎች አክሲዮን ዝም ብሎ የያዘ ገንዘብ ባለሙያዎች ከሚያስተዳድሯቸው ገንዘቦች ይበልጣል ብሎ ተወራረደ። ተወዳዳሪውም ወገን በብዙ ባለሙያዎች የሚመሩ 5 ገንዘቦችን መረጠ። በመጀመሪያው ዓመት የዓለም ገበያ በመናወጡ የባፌት ምርጫ 37 ከመቶ ወደቀ፤ አምስቱም ተወዳዳሪዎች ከእርሱ ያነሰ ኪሳራ ደረሰባቸው። በዚያን ጊዜ ተስፋ ቆርጦ የሸጠ ሰው ኪሳራውን ይዞ ይቀር ነበር። የ10 ዓመቱ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ሲፈጸም ግን ዝም ብሎ የተቀመጠው ገንዘብ 125.8 ከመቶ አደገ። ከአምስቱ ተወዳዳሪዎች የላቀው 87.7 ከመቶ፣ የመጨረሻው ደግሞ 2.8 ከመቶ ብቻ አተረፈ። የውርርዱም ገንዘብ ልጃገረዶችን ለሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተሰጠ።

በየዓመቱ የሚታየው ልዩነት ጥቂት ቢመስልም ዘመን ሲቆጠር ይሰፋል። ለምሳሌ 1,000 ብር በየዓመቱ 7 ከመቶ ቢያድግና ትርፉ ሳይወጣ በላዩ ላይ ቢጨመር በ40 ዓመት ውስጥ 14,974 ብር ይሆናል። ከዚሁ ትርፍ 2 ከመቶው ለክፍያ እየተቀነሰ 5 ከመቶ ብቻ ቢያድግ ግን 7,040 ብር ይሆናል። ከግማሽ በላይ የሆነው ሀብት በክፍያ ምክንያት ሳይገኝ ይቀራል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ትዕግሥት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የጃፓን አገር የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ የሆነው ኒኬይ እ.ኤ.አ. በ1989 የደረሰበትን ከፍታ እንደገና ያለፈው በ2024 ነው። ስለዚህ ሀብትን በብዙ ኩባንያዎች ብቻ ሳይሆን በብዙ አገሮችም ማከፋፈል ይጠቅማል። በቅርብ ጊዜ የሚያስፈልግን ገንዘብ፣ ማለትም የቤት ኪራይንና የትምህርት ቤት ክፍያን፣ በአክሲዮን ላይ ማዋል አይገባም።

በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ አክሲዮን ይገበያይ ነበር፤ ከ1974ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ታላላቅ ኩባንያዎች በመንግሥት ስለተወረሱ ሥራው ቆመ። የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። በጅምሩ የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂቶች ስለነበሩ ሀብትን በሰፊው ለማከፋፈል አይመችም ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ የሚገባ ሰው ከሌላው ይበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ያለውን ጥሪት በአንድ ኩባንያ ላይ ሳይጥል፣ በጎረቤቱ መክበርም ሳይታወክ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የአባቶች ብሂል ቢያስታውስ ይጠቀማል።

ጥያቄዎች

1. በምንባቡ መግቢያ የተጠቀሰው ገበሬ ከባለ አክሲዮን ጋር የሚመሳሰለው በምንድን ነው?
2. ኒውተን መጀመሪያ አትርፎ በኋላ የከሰረው ለምንድን ነው?
3. በውርርዱ የመጀመሪያ ዓመት የሆነውና በመጨረሻው የታየው ውጤት ምን ያስተምራል?
4. «ጥሪት»፣ «ድርሻ» እና «ማሻቀብ» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግባ።