30 ክሬዲት

«ጄኔራል ስተዲስ? እሱ ደግሞ ምን ያሠራል?» አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቼ ሁሉ ጠይቀውኛል። እውነታቸውን ነው። ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት) የተማረች ነርሲንግ ሆም ትገባለች፤ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ያወጣ ከባድ መኪና ይይዛል። የጠቅላላ ትምህርት ሰርተፊኬት ግን ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም።

ታዲያ ምን ይረባል? በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚሰጠው ይህ ሰርተፊኬት ቢያንስ 30 ክሬዲት ይጠይቃል፤ የባችለር ዲግሪ የመጀመሪያ ዓመት ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ሒሳብ፣ ቤተ ሙከራ ያለው ሳይንስ፣ ታሪክና ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጽሑፍ ወይም ሥነ ጥበብ ይገኙበታል። ጉልበቱ የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው የግዛቲቱ ሕግ ነው። ያለ ስምምነት አንዱ ዩኒቨርሲቲ የተቀበለውን ኮርስ ሌላው ሊጥለው ይችላል። በዚህ ሰርተፊኬት ግን በየኮርሱ ቢያንስ ሲ ያመጣ ተማሪ ክሬዲቱን ይዞ ወደ ግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መሻገር ይችላል።

ማታ ማታ ፓርኪንግ ገንዘብ ያዥ ሆኜ እየሠራሁ የተማርኩት ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ)፣ አሌክሳንድሪያ ካምፓስ ነው፤ የቀድሞዋ ቀዳማዊት እመቤት ጂል ባይደን ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማሩበት ግቢ። እንግሊዝኛ 111 አስጨንቆኛል። «ይባላል» ብሎ መጻፍ አያልፍም፤ ማን አለው፣ የት አለው፣ መቼ አለው እያለች መምህሯ ወረቀቴን በጥያቄ ሞላችው። ዛሬ ፌስቡክ ላይ የሚናፈሰውን ወሬ ሳነብ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ባዮሎጂ ደግሞ ሌላ ደስታ ነበር። ከሽንኩርት ላይ ስሱን ሽፋን በወረንጦ ላጥን፤ መስታወት ላይ ዘርግተን አዮዲን ጠብ አደረግንበት። በማይክሮስኮፕ ሳየው እንደ ጡብ ግንብ የተደረደሩ ሕዋሳት፣ በየሆዳቸው አንዳንድ ቡናማ ነጥብ! ወልድያ ስማር ሕዋስን የማውቀው በጠመኔ ተስሎ ነው። በየቀኑ የምከትፈው ሽንኩርት ውስጥ መኖሩን በዓይኔ ያየሁት ግን እዚህ ነው። ትምህርት የሚያስፈልገው ለሥራ ብቻ ነው ለሚሉኝ የምመልሰው ይህን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የኛን ሰው ኑሮ አስባለሁ። ሺፍት ይቀየራል፣ ልጅ ይወለዳል፣ አገር ቤት የሚረዳ ቤተሰብ ይታመማል፤ ትምህርቱ መሀል ላይ ይቀራል። ብዙ ክሬዲት ሰብስበው አንድም ወረቀት ሳይዙ የቀሩ ስንቶችን አውቃለሁ። ሰርተፊኬት የያዘ ሰው ቢያቋርጥ እንኳ የጨረሰው ነገር በእጁ አለ።

ጥንቃቄም አለው። ነርሲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ ያሰበ ሰው የራሳቸው የኮርስ ተራ ስላላቸው አስቀድሞ ማማከር አለበት። ቨርጂኒያ ከገባ ዓመት ያልሞላው ደግሞ በአብዛኛው የነዋሪ ዋጋ አያገኝም፤ ነዋሪ ያልሆነ የሚከፍለው እጥፍ ገደማ ስለሆነ የተቻለው ቢጠብቅ ይሻለዋል።

ጀምራችሁ የተዋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ትራንስክሪፕታችሁን አውጥታችሁ የኮሌጁ አማካሪ ዘንድ ሂዱ። «ለሰርተፊኬቱ ስንት ቀረኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት የቀረው አንድ ሁለት ኮርስ ብቻ ይሆናል።