ወር የሚጠብቅ በሽታ

ስኳር «የሀብታም በሽታ» ነው የሚለው ወሬ አንኮበር ላይ አያስኬድም። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለው በዚህ የገደል አፋፍ አገር፣ ጠግቦ የማያውቅ ከሲታ ወጣትም ያለ ኢንሱሊን ላይውል ይችላል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው እንኳ ገና በ2017 ዓ.ም. ነው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ብልቃጡን በፌስታል ጠቅልሎ፣ እርጥብ አሸዋ በያዘ ሸክላ ውስጥ ይቀብረዋል። ውሃው ሲተን ሸክላውን ስለሚያቀዘቅዘው ቆላ ላይ ብልሃቱ ይሠራል። ደጋ ላይ ፈተናው ሌላ ነው፦ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን ጉልበቱን ያጣል፤ በዓይን ግን ላያስታውቅ ይችላል። ሰውየው ውኃ የተወጋ ያህል ነው።

ከዚያ ደግሞ ምግቡ አለ። «ጠዋትና ማታ ተወጋ፣ ምግብ አትዝለል» ይባላል። በልግ በቀረበት ዓመት ገብሱ ሲያልቅ፣ በሽተኛው ሳይበላ ቢወጋ ስኳሩ ወርዶ ራሱን እንደሚያስተው ያውቃል፤ ስለዚህ መርፌውን ይተወዋል። ካርዱ ላይ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ይጻፍበታል። እኔ ግን ካደረገው ሁሉ ይህን ያህል በአግባቡ የታሰበ አላይም።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ገበሬውን በደንብ ያውቀዋል፤ መዋጮው በዓመት አንዴ፣ እህል ከገባ በኋላ ይሰበሰባል። በሽታው ግን በየወሩ ነው የሚጠይቀው። መድኅኑ የምርመራና የመድኃኒት ወጪ ይሸፍናል፤ የመኪና፣ የአዳርና የባከነ የሥራ ቀን ግን የራሱ ነው። የመንግሥት ፋርማሲው «የለም» ካለው ደግሞ ከውጭ መግዛት ነው። የደብረ ብርሃኑ ደመወዝተኛ ለዚሁ ቀጠሮ ከቢሮ ሁለት ሰዓት ያስፈቅዳል።

ጎንደር ላይ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው የስኳርን፣ የደም ግፊትንና የሚጥል በሽታን ክትትል ከሆስፒታል አውርደው ለገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶች ሰጥተው ነበር፤ መንገዱን ያሳጠረው ይህ ነው። ክትትሉ ወርዶ ኢንሱሊኑ ካልወረደ ግን በሽተኛው ተመልሶ መናኸሪያ ነው።